ከባልዲ እስከ ብስባሽ፦ ጆሃንስበርግና የወስፋት እንቁላል

ጆሃንስበርግ በወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። በ1886 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተቆረቆረችው በወርቅ ላይ ነው። ወርቁ የተገኘበት የዊትዋተርስራንድ ሸንተረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውሃ ከፋይ ነው። በሰሜን በኩል የዘነበው በጁክስኬይ ወንዝ ይወርድና ክሮኮዳይልን ተቀላቅሎ፣ በሊምፖፖ አልፎ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በደቡብ የዘነበው ደግሞ በክሊፕ ወንዝ ቫልን፣ በቫል ኦሬንጅን፣ በኦሬንጅም አትላንቲክን ያገኛል። ውሃ ሁሉ ከከተማዋ ሸሽቶ ይወርዳል እንጂ ወደ እርሷ የሚመጣ ወንዝ የለም። ለንደን ቴምዝ ነበራት፣ ካይሮ ዓባይ አላት። ጆሃንስበርግ ግን ከነዋሪዎቿ ሆድ የሚወጣውን ሁሉ እዚያው ደጇ ላይ መያዝ ነበረባት። ይህን ነገር ልብ ሳይሉ የቀረው ታሪኳ አይገባም።

በተቆረቆረች በ10 ዓመት ውስጥ ሕዝቧ 100,000 ገደማ ደረሰ። ሽንት ቤቱ የባልዲ ነበር። ሌሊት ሌሊት በበቅሎና በበሬ የሚጎተቱ ጋሪዎች በየጓሮው እየዞሩ የሞላውን ባልዲ አንሥተው ባዶ ይተኩና፣ የሰበሰቡትን ከከተማ ውጭ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ባልዲውን የሚሸከሙት ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። የሚቀበርበት መሬትም ቢሆን የሀብታም ሰፈር አጠገብ አልነበረም።

ነገሩ ፈጦ የወጣው በ1904 ነው። ከከተማዋ መሃል ብዙም ሳይርቅ ሕንዶች ተጨናንቀው የሚኖሩበት፣ ጥቁሮችም ተከራይተው የገቡበት አንድ ሰፈር ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን ለማፍረስ ከባለይዞታዎቹ ወስዶ፣ ነዋሪዎቹን ግን ሌላ ቦታ ሳይሰጣቸው በጭሰኝነት አቆያቸው፤ ቆሻሻ ማንሣቱንም ቸል አለ። በዚያን ጊዜ በከተማዋ ጥብቅና ይሠሩ የነበሩት ሞሃንዳስ ጋንዲ በየካቲት ወር ለከተማዋ የጤና ኃላፊ ለዶክተር ቻርልስ ፖርተር ደብዳቤ ጽፈው፣ ሁኔታው በዚህ ከቀጠለ ወረርሽኝ እንደሚነሣ አስጠነቀቁ። በመጋቢት የሳንባ ቸነፈር ገባ። ጋንዲና ጥቂት ባልደረቦቻቸው 23 ሕመምተኞችን ባዶ ቤት ውስጥ አስተኝተው አስታመሙ፤ አብዛኞቹ ሞቱ። ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን ከበበና ነዋሪዎቹን አስወጥቶ በእሳት አቃጠለው። የተፈናቀሉት ሰዎች በድንኳን የሰፈሩት በደቡብ ምዕራብ በኩል ክሊፕስፕሩይት በተባለ ቦታ ነው። ክሊፕስፕሩይት የከተማው ምክር ቤት የፍሳሽ እርሻ ነበር።

ሕንዶቹ ከጊዜ በኋላ ተመለሱ። ጥቁሮቹ ግን እዚያው ቀሩ። ሰፈራቸው በኋላ ፒምቪል ተባለ፣ በ1963 ደግሞ ሶዌቶ የሚል ስም የተሰጠው ግዙፍ መኖሪያ አካል ሆነ። በዓለም ዙሪያ ስሙ የታወቀው ሶዌቶ ጅማሮው ከፍሳሽ መጣያ ጎን ነው። የከተማዋን ዓይነ ምድር የሚቀበለውን መሬት የመረጠው እጅ፣ ድሆቿ የሚኖሩበትንም መሬት መርጧል። ስለ ዝቃጭ፣ ማለትም ከፍሳሽ ረግቶ ስለሚቀረው ጭቃ፣ ሳይንስ ሲወራ ይህ ነገር ተረስቶ ማለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም በዝቃጩ ውስጥ ያለው ትል መጀመሪያ የሚያገኘው በባዶ እግሩ እዚያ መሬት ላይ የሚሮጠውን ሕፃን ነው።

ያን ጊዜ ግን የሚፈራው ቸነፈርና ታይፎይድ እንጂ ትል አልነበረም። ትሉን ወደ መድረክ ያመጡት የማዕድን ባለቤቶች ናቸው። ከ1910 ወዲህ በራንድ (በዊትዋተርስራንድ) ማዕድን ማውጫዎች 200,000 ገደማ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ። ከሞዛምቢክ፣ ከናታል ጠረፍ፣ ከኒያሳላንድ (ከዛሬዋ ማላዊ) የመጡት በሆዳቸው ውስጥ የአገራቸውን ትል ይዘው ገቡ። የጆሃንስበርግ ደጋ ክረምቱ ደረቅና ውርጫም ስለሆነ ለትል እንቁላል አይመችም። ከመሬት በታች ያለው ዋሻ ግን ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሽንት ቤቱም ባልዲ ነው። መንጠቆ ትል ዋሻው ውስጥ ገብቶ ሠራተኛውን ደም እንዳያሳጣ፣ ሥራውም እንዳይስተጓጎል ተፈራ። መንግሥትና የማዕድን ባለቤቶች ማኅበር በ1912 የደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ተቋምን በጆሃንስበርግ አቋቋሙ።

በ1917 የተቋሙ የጥገኛ ተሕዋስያን ክፍል ኃላፊ አኒ ፖርተር የተባሉ እንግሊዛዊት ሳይንቲስት ሆኑ። ከጤና ኃላፊው ከዶክተር ፖርተር ጋር የሚያገናኛቸው የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ከዚያ ዓመት ሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ በጆሃንስበርግ ካሉ ጥቁሮች የተሰበሰበ ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ እየመረመሩ በሆዳቸው ያለውን ጥገኛ ሁሉ መዘገቡ፤ ውጤቱም በ1918 ታተመ። ሴት ሳይንቲስት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ማንም ሊያየው የማይፈልገውን ነገር ተቀምጦ መቁጠር ከባድ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ በዚህች ከተማ የመጣው የዝቃጭ ታሪክ ሁሉ በአንድ በኩል የዚህ ዓይነት ቆጠራ ታሪክ ነው።

የሚቆጠረውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ሴቷ ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። አንዱ እንቁላል ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ ገደማ ብትሆን ነው። በማይክሮስኮፕ ስትታይ ሞላላ፣ ከሐሞት ቀለም የተነሣ ወርቅማ ቡኒ፣ ዙሪያዋ ጎርበጥባጣ ናት። ልባሷ ድርብርብ ነው፦ ላይኛው ፕሮቲን፣ መካከለኛው የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበት ካይቲን፣ የውስጠኛው ደግሞ መርዝና አሲድ የማያሳልፍ የስብ ሽፋን። ለመጠጥ ውሃ የምንጨምረው ክሎሪን አይገድላትም። ላቦራቶሪ ውስጥ ፎርማሊን ላይ ተቀምጣ እንኳን እጭዋን ታሳድጋለች። ከሰው ሆድ እንደወጣች ወዲያው አትለክፍም፤ አፈር ላይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ትቆይና እጩ ሲያድግ ነው አደገኛ የምትሆነው። እርጥበትና ጥላ ካገኘች ለዓመታት በሕይወት ትቆያለች። ስለዚህ ባለሙያዎች በዝቃጭ ውስጥ ያለው ተህዋስ ሁሉ ሞቷል ወይ ብለው ሲጠይቁ ወስፋትን ነው የሚፈልጉት። እርሷ ከሞተች ሌላው ሁሉ ሞቷል ተብሎ ይገመታል።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጆሃንስበርግ ባልዲውን በቧንቧ እየተካች ሄደች። ብሩማ፣ ሲድና፣ ዴልታ የተባሉ ትናንሽ ማጣሪያዎች በየሸለቆው ተሠሩ። ዴልታ በ1934 ተሠርቶ በ1963 ተዘጋ፤ ሕንፃው ዛሬም በዴልታ ፓርክ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ማዕከል ሆኖ ቆሟል። የተጣራው ውሃና ዝቃጩ ግን መጨረሻው እርሻ ነበር። ሣር ይበቅልበታል፣ ሣሩን ከብት ይግጠዋል፣ ከብቱ ይታረዳል።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነው ሌላው ትል ይመጣል። የኮሶ ትል እንቁላሉ ከሰው ይወጣል፤ ሣር ላይ ወድቆ ከብት ሲበላው ከአንጀት ወደ ጡንቻ ይገባና የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ቋጠሮ ሆኖ ይቀመጣል። ሥጋው ጥሬውን ወይም ለብ ብሎ ሲበላ እንደገና ሰው ሆድ ውስጥ ይዘረጋል። የእኛ አያቶች ይህን ዑደት በሌላው ጫፉ ነው የሚያውቁት፦ ቁርጥ ይበላሉ፣ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣሉ፣ የኮሶ ቀን ሰበብ ሆኖ ሥራም ይቀራል። በደቡብ አፍሪካ ግን ጉዳዩ የቄራና የገንዘብ ጉዳይ ሆነ። ቋጠሮ የተገኘበት ሥጋ ይጣላል ወይም ዋጋው ይወርዳል። በ1937 ቪልዮን የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ስለዚህ ቋጠሮ በከብትና በአሳማ ላይ ያደረጉትን ሰፊ ጥናት ፕሪቶሪያ አጠገብ ባለው በኦንደርስቴፑርት ተቋም መጽሔት አሳተሙ። የፍሳሽ እርሻ ላይ ከብት ማሰማራት የትሉን ዑደት በገዛ እጅ መዝጋት መሆኑን በዓለም ዙሪያ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው አይተውታል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌላ መንገድ አመጣ። ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ተስተጓጎለ፤ የደቡብ አፍሪካ አፈር ደግሞ እየሳሳ ነበር። ቫን ቩረን የተባሉ የግብርና ባለሙያ አልበርት ሃዋርድ ሕንድ አገር ኢንዶር ላይ ያዳበሩትን ዘዴ ይዘው፣ የከተሞችን ቆሻሻ ከሌሊት ባልዲው ጋር እያነባበሩ ብስባሽ ማድረግን በየማዘጋጃ ቤቱ አስፋፉ። ሥራቸውን የተረኩበት መጽሐፍ በ1949 ወጣ። ሐሳቡ ቀላልና ትልቅ ነው፦ ክምሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሲበሉና ሲባዙ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ ያ ሙቀት የበሽታ ዘርን ይገድላል፣ የቀረው ለአፈር ምግብ ይሆናል። በገጠር ማለዳ ላይ የፍግ ክምር ሲጨስ ያየ ሰው ይህን ሙቀት ያውቀዋል። ጦርነቱ ሲያልቅና የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲረክስ ግን ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ሥራውን እርግፍ አድርገው ተዉት። ለእኔ ይህ ከዚህ ታሪክ ትልቁ የባከነ ዕድል ነው፤ እንደገና ለመጀመር ብዙ ዓመታት ፈጅቷል።

በ1956 የወጣው የውሃ ሕግ ከተሞችን ሌላ ግዴታ ውስጥ ከተተ፦ የተጠቀማችሁበትን ውሃ አጣርታችሁ ወደመጣበት ወንዝ መልሱ። ውሃ ለጠፋበት አገር ተገቢ ሕግ ነው። የጥራት ደረጃው በ1962 ወጣ። ጆሃንስበርግ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስተሰሜን፣ ዛሬ ዲፕስሉት የተባለው የድሆች መንደር አጠገብ፣ ትልቁን የኖርዘርን ማጣሪያ ሠራች። በየሸለቆው የነበሩት ትናንሾቹ እየተዘጉ ፍሳሻቸው በዋና ቧንቧ ወደዚያ ወረደ። በደቡብ በኩል ኦሊፋንትስቭሌይ፣ በኋላም ጉድኮፒስና ቡሽኮፒ ተከተሉ።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የትል እንቁላል ከውሃ ጥቂት ይከብዳል። ፍሳሹ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሲረጋ እንቁላሉ ከጭቃው ጋር ወደ ታች ይሰጥማል። ከላይ የሚወጣው ውሃ የጠራ ነው፤ ወንዙን የሚለካው መርማሪም ደስ ብሎት ይሄዳል። እንቁላሉ ግን አልጠፋም፣ ዝቃጩ ውስጥ ተከማችቷል። ማጣሪያው በደንብ በሠራ ቁጥር ዝቃጩ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። ውሃ ማጣራት ሥራው ግማሽ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ከተሞችም ግማሹ ላይ ነው የሚያቆሙት።

ዝቃጩን ለማብላላት የተለመደው መሣሪያ አየር የማይገባበት ትልቅ የኮንክሪት ጋን ነው። ዝቃጩ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ማለትም በሰው ገላ ሙቀት አካባቢ፣ ለሳምንታት ይብላላል። ጋዝ ይወጣል፣ ሽታው ይቀንሳል፣ ባክቴሪያውም ይሳሳል። ወስፋት ግን በሰው ሆድ ውስጥ የኖረች ናት፤ ይህ ሙቀት ቤቷ ነው። ከጋኑ የምትወጣው በአብዛኛው በሕይወቷ ነው። ከዚያ ዝቃጩ በአሸዋ መደብ ላይ ይሰጣል፣ ጠሐይ ያደርቀዋል፣ ገበሬ በጭነት መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ላዩ ደርቆ ተሰንጥቆ ሲታይ ማንም ሞቷል ይላል። ከሥሩ ያለው እርጥብ ከሆነ ግን አልሞተም።

በ1970ዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከጆሃንስበርግ የሚወርደው የተጣራ ውሃ የሚጠራቀምበት የሃርትቢስፑርት ግድብ በአልጌ አረንጓዴ ሆነ። ምክንያቱ ፎስፈረስ ነበር። ጄምስ ባርናርድ የተባሉት መሐንዲስ በፕሪቶሪያው የዳስፑርት ማጣሪያ፣ ባክቴሪያዎቹ አየር እየተነፈጋቸውና እየተሰጣቸው ሲፈራረቅባቸው ፎስፈረሱን ከውሃው ውስጥ ጠጥተው በሆዳቸው እንደሚያጠራቅሙ አስተዋሉ። ጉድኮፒስ ይህን ዘዴ በሙሉ መጠን ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎች አንዱ ሆነ። መንግሥት በ1980 በአንድ ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ፎስፈረስ እንዳይለቀቅ ወሰነ፤ ከ1985 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። የጆሃንስበርግ ስም በዓለም የፍሳሽ ምሕንድስና የገነነው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው። ባርናርድም በ2011 የሲንጋፖሩን የሊ ኳን ዩ የውሃ ሽልማት አገኙ።

ይህ ድል ከእንቁላሉ ጋር ምን ያገናኘዋል? ፎስፈረሱም እንደ እንቁላሉ አልጠፋም፤ ዝቃጩ ውስጥ ገባ። ዝቃጩ ለእርሻ ይበልጥ የሚፈለግ ሆነ ማለት ነው። ዝቃጩ አየር በሌለው ጋን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ፎስፈረሱን መልሰው ይተፉታል። ይህም አየር በሞላበት ክምር ማብሰልን ይበልጥ ማራኪ አደረገው። ቫን ቩረን ከ30 ዓመት በፊት ያሉት ነገር በመሐንዲሶች በር ተመልሶ ገባ።

በዚያው ሰሞን አሜሪካኖች ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል ላይ ዝቃጭን ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ቀላቅለው፣ ከሥሩ ቧንቧ ዘርግተው አየር እየነፉበት ማብሰልን አሳዩ። በደቡብ አፍሪካም ኔልና ሮስ የተባሉ የብሔራዊ የውሃ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ይህንኑ ዘዴ ፈትሸው፣ ሪፖርታቸው በ1987 በውሃ ምርምር ኮሚሽን በኩል ወጣ። ከሁሉ በላይ ግን ለሥራው መሠረት የሆነው በ1983 ሪቻርድ ፊቸምና ሦስት ባልደረቦቻቸው ለዓለም ባንክ ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው። በዓለም ላይ ስለ ተህዋስያን አሟሟት የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው፣ ሙቀትና ጊዜ እንዴት እንደሚተካኩ አሳዩ፦ በ62 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ በ50 ዲግሪ አንድ ቀን፣ በ46 ዲግሪ አንድ ሳምንት፣ በ43 ዲግሪ አንድ ወር። እነዚህ አራት ቁጥሮች ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣሉ። ድሃ ማዘጋጃ ቤት ማገዶ ባይኖረው እንኳ ጊዜ አለው፤ ክምሩን ማቆየት ይችላል።

ጆሃንስበርግ በኖርዘርን ማጣሪያ ዝቃጩን ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር ቀላቅላ በረጃጅም ረድፍ እየከመረች ማብሰል ያዘች። ሥራው እንዲህ ነው። ዝቃጩ መጀመሪያ በመጭመቂያ ውስጥ አልፎ ውሃው ይወጣል። የእንጨቱ ፍቅፋቂ የሚቀላቀለው አየር መግቢያ ቀዳዳ እንዲኖር ነው፤ ዝቃጭ ብቻውን ከተከመረ ጭቃ ሆኖ ይታፈናል። ክምሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ከመሃሉ 55፣ ከዚያም 60 ዲግሪ ያልፋል። ረዥም የብረት ቴርሞሜትር ክምሩ ሆድ ውስጥ ይወጋና ቁጥሩ ይመዘገባል። ሆኖም የክምሩ ልብስ፣ ማለትም ከላይ ያለው ስስ ክፍል፣ በተለይ በሰኔና በሐምሌ ውርጭ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ያለች እንቁላል ምንም አትሆንም። ስለዚህ ክምሩ መገልበጥ አለበት፤ የውጩ ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ። በ1993 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ሙቀቱ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ 15 ቀን እንዲቆይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ቢያንስ አምስት ጊዜ እንዲገለበጥ ይጠይቃል። የገልባጩ ማሽን ነጂ አንድ ጥግ ሳይነካ ቢያልፍ፣ ያ ጥግ በኋላ መላውን ክምር ይበክላል። የአንድ ከተማ ጤና በአንድ ሠራተኛ ጥንቃቄ ላይ የሚንጠለጠልበት ሰዓት አለ።

አፓርታይድ ባበቃባቸው ዓመታት ደንቡም ተለወጠ። በ1991 የጤና መሥሪያ ቤቱ መመሪያ አወጣ፤ በ1997 የእርሻ፣ የጤናና የውሃ መሥሪያ ቤቶች ከውሃ ምርምር ኮሚሽን ጋር ሆነው ዝቃጭን በአራት መደብ ከፈሉት። ያለገደብ ለሕዝብ ሊሰጥ የሚችለው አራተኛው ብቻ ነበር፤ እርሱም በ10 ግራም ደረቅ ዝቃጭ ውስጥ አንዲት ሕያው የወስፋት እንቁላል እንኳ ሊገኝበት አይገባም ነበር። ከ2006 እስከ 2009 ደግሞ ሃይዲ ስናይማንና ሄርሰልማን ዋና አዘጋጅ የሆኑበት ባለ አምስት ቅጽ መመሪያ ወጣ። አሁን መለኪያው ሦስት ሆነ፦ ተህዋሱ፣ ሽታውና መርጋቱ፣ በውስጡ ያለው ከባድ ብረት። በተህዋስ በኩል ከፍተኛው መደብ በ4 ግራም ደረቅ ዝቃጭ ከአንድ የማይበልጥ ሕያው እንቁላል ነው። ከዜሮ ወደዚህ መምጣቱ የላላ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የተሻለ ሐቅ ነው። ማንም ላቦራቶሪ ዜሮን ሊምል አይችልም፤ በ4 ግራም አንድን ግን ቆጥሮ ማሳየት ይቻላል።

ቆጠራው እንዴት ነው? ናሙናው ይታጠብና በደቃቅ ወንፊት ይጠለላል። ከዚያ ከውሃ በሚከብድ የዚንክ ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ይገባና በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል። ጭቃው ከታች ሲቀር እንቁላሉ ይንሳፈፋል። ገንዳው ውስጥ ያሰጠማት ክብደት እዚህ ያጋልጣታል። የተንሳፈፈው ተሰብስቦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ነገር ግን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ሞታ ይሆን? ይህን ለማወቅ እንቁላሎቹ በቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ፣ በ28 ዲግሪ ገደማ፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ይቀመጣሉ። አሲዱ ሻጋታንና ባክቴሪያን ይከላከላል፣ እንቁላሏን አይነካም። ከአራት ሳምንት በኋላ ባለሙያዋ እንደገና ታያለች። በልባሱ ውስጥ የተጠቀለለች ክር መሳይ እጭ ከተንቀሳቀሰች ክምሩ አልበሰለም፤ ተመልሶ ይገለበጣል። የከተማው ምክር ቤት የወር ሪፖርት ይህችን አንዲት ክር መጠበቅ አለበት።

ከጆሃንስበርግ ውጭ ደርባን በሌላ መንገድ ሄዳለች። ጠረፉ ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ ወስፋት የሚበዛው እዚያ ነው፤ ከተማዋም 35,000 ገደማ የጉድጓድ ሽንት ቤቶችን በየአምስት ዓመቱ የማስጠረግ ኃላፊነት ወሰደች። የተጠረገው ዝቃጭ በማሽን እየተጨመቀ ወደ ትናንሽ ቁርጥራጭ ተለውጦ በኢንፍራሬድ ሙቀት ሥር እንዲያልፍ ተደረገ፤ በዚህ ዘዴ እንቁላሉም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እንቁላሉን ከዝቃጭ የሚለዩበትን ዘዴ አሻሽለው ለሌሎች አገሮች ላቦራቶሪዎች አስተማሩ።

በጆሃንስበርግ ከ2001 ጀምሮ ሥራውን የያዘው ጆሃንስበርግ ዋተር የተባለው የከተማዋ ድርጅት ነው። ስድስት ማጣሪያዎች አሉት። በ2012 በኖርዘርን ማጣሪያ ከዝቃጩ ጋዝ 1.1 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተከፈተ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጋዝ ማውጣትና እንቁላል መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ጋዙ ከወጣ በኋላም ዝቃጩ መብሰል አለበት። በነሐሴ 2019 ደግሞ ፈሳሽ ቆሻሻን ቆሻሻ መጣያ ላይ መድፋት በአገር አቀፍ ደረጃ ተከለከለ። እርጥቡን ዝቃጭ ጉድጓድ ውስጥ ደፍቶ መገላገል አብቅቶለታል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በጆሃንስበርግ ጄፔ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ለከፈቱት ወገኖቻችን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ደጋ ላይ ያለች፣ ትልቅ ወንዝ የሌላት፣ በ1886 የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዕድሜዋ ከጆሃንስበርግ ጋር እኩል ነው። የቃሊቲ ማጣሪያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቀን 7,500 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተሠርቶ፣ በቅርብ ዓመታት 100,000 እንዲችል ሆኖ ተስፋፍቷል። የፍሳሽ መምጠጫ ቦቴዎች ጭነታቸውን ኮተቤ ባሉት ማድረቂያ መደቦች ይደፋሉ። ከታች ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ሰላጣና ጎመን ይመረታል፤ ሰላጣውም ሳይበስል ይበላል። ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት ይውጣሉ፤ ክኒኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ መሬት ላይ ያለውን እንቁላል ግን አይነካም።

ቃሊቲ በሰፋ ቁጥር የሚሰጥመው እንቁላልም ይበዛል። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ዝቃጩን ለገበሬና ለአትክልተኛ ከመስጠቱ በፊት በክምር አብስሎ፣ ካልሆነም አስቀምጦ አቆይቶ፣ እንቁላሉን በላቦራቶሪ ቆጥሮ ውጤቱን ለሕዝብ ያሳውቅ። አንባቢም ከዝቃጭ የተሠራ ብስባሽ ሲቀርብለት ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ስንት ሕያው እንቁላል እንደተቆጠረበት ይጠይቅ። መልሱ በቁጥር ካልመጣ ብስባሹ ለጥድና ለባሕር ዛፍ ይሁን እንጂ ለሰላጣ መደብ አይግባ።